አፍሪካን አንጫወትም ያሰኙት ሰው፦ ይድነቃቸው ተሰማ

አዲስ አበባ፦ ነሐሴ 13 ቡሄ ነው። በገጠር ጅራፍ የሚጮህበት፣ በከተማ ልጆች በየደጁ ሆያ ሆዬ የሚሉበት፣ ሙልሙል የሚታደልበት ዕለት ነው። በ1979 ዓ.ም. ቡሄ በዋለበት ዕለት አንድ ታላቅ ኢትዮጵያዊ አረፉ። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን ለ15 ዓመታት የመሩት፣ የዓለም አቀፉ ኦሎምፒክ ኮሚቴ አባል የነበሩት ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። የተወለዱት መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. ነበርና 66ኛ ዓመታቸውን ሊደፍኑ የቀራቸው አንድ ወር እንኳ አይሞላም ነበር። በዕንቁጣጣሽ ተወልደው በቡሄ ያረፉ ሰው ናቸው።

ስለ እርሳቸው እንድጽፍ ያነሳሳኝ መገናኛ ላይ የሰማሁት ክርክር ነው። ታክሲ ስጠብቅ ከፊቴ የተሰለፉ ሁለት ሰዎች፣ ሀገራት በፖለቲካ ምክንያት ከዓለም አቀፍ የስፖርት ውድድር መቅረት አለባቸው ወይስ የለባቸውም በሚለው አልተግባቡም። አንደኛው ስፖርትና ፖለቲካ ለየብቻ ይኑሩ ባይ ነው፤ ሌላኛው ከበዳይ ጋር አብሮ መጫወት በደሉን ማጽደቅ ነው ይላል። የቆምንበት ቦታ ለዚህ ክርክር የተመቸ ነው። ከመገናኛ ወደ 22 የሚወርደው መንገድ በኃይሌ ገብረሥላሴ ስም ይጠራል፤ ወደ ሲኤምሲ በሚወስደው መንገድ ደግሞ የአትሌቲክስ ፌዴሬሽን የሚገኝበት ጉርድ ሾላ አለ። ታክሲያችን እስኪመጣ ድረስ ግን ከሁለቱ አንዳቸውም የይድነቃቸውን ስም አላነሱም። አፍሪካ ይህን ጥያቄ ስትጋፈጥ በተደጋጋሚ ከፊት ከነበሩት ሰዎች አንዱ እርሳቸው ሆነው ሳለ መዘንጋታቸው ከነከነኝ።

የእኔ የዘወትር ሥራ ስለ ዘርና ማዳበሪያ፣ ስለ ዝናብና ገበያ መዘገብ ነው። ወደዚህ ጉዳይ የገባሁበት ምክንያት ግን አለኝ። ከውድድር በመቅረት ዋጋ የከፈሉት ሯጮቻችን በአብዛኛው የገበሬ ልጆች ናቸው። በዚያም ላይ አድማ ለገጠር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ድንበር የገፋ ወይም የሽማግሌ ቃል የረገጠ ሰው ሲኖር፣ መንደሩ እሳት አይጭርለትም፣ ውኃ አይቀዳለትም፣ ከዕድር ያስወጣዋል፣ በደቦ አያግዘውም። መንደሩም በበኩሉ የሰውየውን ጉልበትና በሬ ያጣል። ይህን እያወቀ ነው የሚወስነው። በዳዩ ጥፋቱን አምኖ በካሳ ሲታረቅ ግን በሩ መልሶ ይከፈትለታል። ይድነቃቸው በአፍሪካ ስፖርት ውስጥ የሠሩት ሥራ ከዚህ ልማድ ጋር እጅግ ይቀራረባል።

ይድነቃቸው የተወለዱት በጅማ ነው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በግጥም ችሎታቸውና በጨዋታ አዋቂነታቸው የታወቁ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ፣ በኋላም የልጅ ኢያሱ የቅርብ ሰው የነበሩ ናቸው። ልጃቸው በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተማሩ። የእርሳቸው ዝንባሌ ከግጥም ይልቅ ወደ ኳስ ያደላ ነበር። የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ በ1928 ዓ.ም. አራዳ ላይ ሲመሠረት ገና የ14 ዓመት ልጅ ነበሩ፤ ከዚያ ጀምሮ ለ23 ዓመታት ማልያውን ለብሰው ተጫወቱ። በ365 ጨዋታዎች 318 ግቦች እንዳስቆጠሩ በታሪካቸው ተመዝግቧል።

ክለቡ ከተመሠረተ ከጥቂት ወራት በኋላ የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ ገባ። ወራሪው ነጭና ጥቁር በኑሮ ብቻ ሳይሆን በጨዋታም እንዲለያዩ አደረገ፤ የክለቡንም ስም አስለወጠ። ኢትዮጵያውያን በገዛ ሀገራቸው ከጣሊያኖች ጋር በአንድ ሜዳ መሰለፍ ተከለከሉ። ይድነቃቸው የወጣትነት ዕድሜያቸውን ያሳለፉት በዚህ ሁኔታ ውስጥ ነው። በዘር የተከፈለ ሜዳ ምን ማለት እንደሆነ የተረዱት ከመጽሐፍ አልነበረም። ከ20 ዓመት በኋላ በካርቱም ያደረጉትን ለመረዳት ይህን ማስታወስ ይጠቅማል። ከነፃነት በኋላም ከመጫወቱ ጎን ለጎን የሀገሪቱን ስፖርት በማደራጀት ሥራ ተሰማሩ።

ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸውን የዓለም አቀፍ ውድድሮች ዘመን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) ነው የምጽፈው።

እ.ኤ.አ. በ1956 በሊዝበን በተካሄደው የፊፋ ጉባኤ ላይ የግብፅ፣ የሱዳን፣ የኢትዮጵያና የደቡብ አፍሪካ ተወካዮች ተገናኝተው አህጉራዊ ማኅበር ለማቋቋም ተስማሙ። ኢትዮጵያን ከወከሉት መካከል ይድነቃቸው ነበሩ። በየካቲት 1957 በካርቱም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ተመሠረተ፤ የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫም እዚያው ተካሄደ። ችግሩ የተነሳው ዋንጫው ሊጀመር ሲል ነው። የአፓርታይድ አገዛዝ የነበረባት ደቡብ አፍሪካ የምትልከው ቡድን ወይ ሁሉም ነጭ ወይ ሁሉም ጥቁር እንጂ የተቀላቀለ እንደማይሆን አስታወቀች። ሦስቱ ሀገራት ይህን አልተቀበሉም። ከአራት መሥራቾች አንዷ ገና በመጀመሪያው ድግስ ከማዕዱ ተነሳች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አለ፤ ብዙ ጊዜ ሲነገር አልሰማሁም። ደቡብ አፍሪካ በግማሽ ፍጻሜ ልትገጥም የነበረው ኢትዮጵያን ነው። ተጋጣሚዋ በመቅረቷ ኢትዮጵያ ኳስ ሳትመታ ለፍጻሜ አለፈች፤ በፍጻሜውም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። ስለዚህ የመጀመሪያው እገዳ ለኢትዮጵያ ዋጋ ከማስከፈል ይልቅ ጥቅም ነበር ያስገኘላት። ዕዳው የመጣው ኋላ ነው።

ውድድሩ በጥር 1962 አዲስ አበባ ላይ ሲካሄድ ኢትዮጵያ ዋንጫውን በላች። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ነበሩ። በፍጻሜው ከግብፅ ጋር መደበኛው ሰዓት በአቻ ውጤት ካለቀ በኋላ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸነፉ። አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። በዚያ ቡድን ውስጥ መንግሥቱ ወርቁ ነበረ፤ ወንድሙ ኢታሎ ቫሳሎም ነበረ። እነዚህ ተጫዋቾች ለዓለም ዋንጫ ቢወዳደሩ ኖሮ ምን ያደርጉ ነበር ብሎ መጠየቅ የሽማግሌዎች ቁጭት ብቻ አይደለም። ያን ዕድል ከዘጉት ሰዎች አንዱ አሠልጣኛቸው ይድነቃቸው ናቸውና።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 እንግሊዝ ላይ ለሚካሄደው የዓለም ዋንጫ 16 ቦታዎች ነበሩ። ፊፋ ከነዚህ 10ሩን ለአውሮፓ፣ 4ቱን ለደቡብ አሜሪካ፣ 1ዱን ለሰሜንና መካከለኛው አሜሪካ ደለደለ። የቀረችውን አንዲት ቦታ አፍሪካ፣ እስያና ኦሺኒያ እንዲሻሙባት ወሰነ። ይህም ማለት የአፍሪካ አሸናፊ አህጉሩን ካሸነፈ በኋላም ከእስያ አሸናፊ ጋር ሌላ ግጥሚያ ይጠብቀዋል ማለት ነው። በዚያ ላይ ፊፋ ደቡብ አፍሪካን መልሶ አስገብቶ ስለነበር ቅሬታው እጥፍ ሆነ። የጋናው የስፖርት ኃላፊ ኦሄኔ ጃንና ይድነቃቸው ተሰማ ተቃውሞውን መሩ። ጥያቄያቸው አጭርና ግልጽ ነበር፤ ለአፍሪካ የራሷ የሆነ አንድ ቦታ ይሰጣት። ምላሽ ሲያጡ የአፍሪካ ቡድኖች በሙሉ ከማጣሪያው ወጡ። ፊፋ በኮንፌዴሬሽኑ ላይ የገንዘብ ቅጣት ጣለ።

ያቺ አንዲት ቦታ ለሰሜን ኮሪያ ሆነች፤ ቡድኑም ጣሊያንን ጥሎ እስከ ሩብ ፍጻሜ ተጓዘ። አፍሪካ ደግሞ ከሜዳ ውጪ ሆና የጠየቀችውን አገኘች። ለ1970 የሜክሲኮ ዋንጫ የራሷ ቦታ ተሰጣትና ሞሮኮ ሄደች። ኢትዮጵያ ግን እስከ ዛሬ አልሄደችም። ተክሉን ያጠጣ ሁሉ ፍሬውን አይበላም፤ ይህ በእርሻ የምናውቀው ነው። ቡናን የተከለ አባት ለቅሞ ለመሸጥ ላይደርስ ይችላል።

ይድነቃቸው በ1972 የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም በዚሁ ኃላፊነት ቆዩ። ሥራቸው አድማ መጥራት ብቻ እንዳልነበረ የሚያሳየው የ1974ቱ የፊፋ ምርጫ ነው። ደቡብ አፍሪካን ሲከላከሉ የነበሩት እንግሊዛዊው ስታንሊ ሩስ በብራዚላዊው ዧዎ ሃቬላንጅ ተሸነፉ፤ ለሽንፈታቸው የአፍሪካ ድምፅ ወሳኝ ነበር። በ1957 አራት ሆኖ የተጀመረው ማኅበር ነፃ በወጡ ሀገራት በዝቶ የድምፅ ሚዛን የሚያስደፋ ኃይል ሆኖ ነበር። በመቅረት የተጀመረው ሥራ በመገኘትና ድምፅ በመስጠት ቀጠለ ማለት ነው። አፍሪካም በ1982 ወደ ስፔን ሁለት ቡድኖችን፣ አልጄሪያንና ካሜሩንን ላከች።

በኦሎምፒክ በኩል ያለው ታሪክ የበለጠ ያስጨንቃል። በየካቲት 1968 ዓለም አቀፉ ኦሎምፒክ ኮሚቴ ደቡብ አፍሪካ በሜክሲኮ እንድትሳተፍ ፈቀደ። ኢትዮጵያን ጨምሮ የአፍሪካ ሀገራት እርሷ ካለች እኛ የለንም አሉ፤ ከሁለት ወር በኋላ ኮሚቴው ፈቃዱን አነሳ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ማሞ ወልዴ ሜክሲኮ ላይ ማራቶንን አሸንፎ በ10 ሺህ ሜትር ደግሞ ብር አገኘ። ኮሚቴው ባያፈገፍግ ኖሮ ያ ወርቅ የለም። በ1972 ሙኒክ ላይ ደግሞ በነጮች አገዛዝ ሥር የነበረችው ሮዴዥያ በተመሳሳይ ዛቻ በ36 ለ 31 ድምፅ ተሰናበተች። ይድነቃቸው በዚያን ጊዜ የኮሚቴው አባል ከሆኑ አንድ ዓመት ሆኗቸው ነበር። ሁለት ጊዜ ዛቻው ያለ ዋጋ ሠራ። ሦስተኛው ግን ዋጋ አስከፈለ።

በሰኔ 1976 በሶዌቶ ተማሪዎች ሰልፍ ወጥተው በፖሊስ ጥይት ተገደሉ። የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን በዚያው ሰሞን ከደቡብ አፍሪካ ነጮች ጋር ሊጫወት ሄደ። የአፍሪካ ሀገራት ኒውዚላንድ ከሞንትሪያል ኦሎምፒክ እንድትታገድ ጠየቁ፤ ኮሚቴው ራግቢ የኦሎምፒክ ስፖርት ስላልሆነ አያገባኝም አለ። ወደ 30 የሚጠጉ ሀገራት፣ አብዛኞቹ አፍሪካውያን፣ ከውድድሩ ወጡ። ኢትዮጵያም ወጣች። ሞንትሪያል የደረሱ ቡድኖች ዕቃቸውን ጠቅልለው የተመለሱበት ጊዜ ነበር። ሴኔጋልና ኮትዲቯር ቀሩ፤ አፍሪካ አንድ ልብ ሆነች የሚለው አባባል ሙሉ በሙሉ ትክክል አይደለም።

የይድነቃቸው ቦታ እዚህ ላይ አስቸጋሪ ነበር። በኦሎምፒክ ቻርተር መሠረት አንድ የኮሚቴው አባል ኮሚቴውን በሀገሩ ይወክላል እንጂ ሀገሩን በኮሚቴው አይወክልም። የአፍሪካ እግር ኳስ መሪ የሆኑት ሰው፣ ኑ ብሎ የሚጠራው ድርጅት አባልም ነበሩ፤ አንመጣም ያለችው ሀገር ልጅም ነበሩ። ውድድሩ በሐምሌ 17 ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው፣ እዚያው ሞንትሪያል የተሰበሰበው የፊፋ ጉባኤ ደቡብ አፍሪካን ከአባልነት አባረረ። ይድነቃቸው ከካርቱም ጀምሮ ለ19 ዓመታት የደከሙለት ነገር የተፈጸመው የሀገራቸው ሯጮች ሜዳውን ባጡበት ከተማና ሳምንት ነው።

ከሯጮቹ አንዱ ምሩጽ ይፍጠር ነበር። ከአዲግራት አካባቢ የመጣው ይህ አየር ኃይል ያሳደገው ሯጭ በሙኒክ በ10 ሺህ ሜትር ነሐስ አግኝቷል፤ በሞንትሪያል ከፊንላንዱ ላሰ ቪረን ጋር ይገናኛሉ ተብሎ ይጠበቅ ነበር። ቪረን ያለ ምሩጽ በ5 ሺህና በ10 ሺህ ወርቅ ወሰደ። ኦሎምፒክ በአራት ዓመት አንዴ ነው። የበልግ ዝናብ ያመለጠው ገበሬ ክረምትን ይጠብቃል፤ ሯጭ ግን አራት ዓመት ሲጠብቅ እግሩም አብሮ ያረጃል። ምሩጽን ትሄዳለህ ወይስ ትቀራለህ ብሎ የጠየቀው አልነበረም። የመቅረቱን ውሳኔ ትክክል ነው ብዬ ባምንም፣ ይህን ማለፍ አልችልም።

ደግነቱ ምሩጽ ጠበቀ። በ1980 በሞስኮ ዕድሜው ስንት እንደሆነ ዓለም ሲከራከር እርሱ ሁለቱንም ወርቅ ወሰደ፤ መሐመድ ከድርና እሸቱ ቱራም ነሐስ አገኙ። በዚያ ዓመት ደግሞ በአፍጋኒስታን ወረራ ምክንያት አሜሪካና ተከታዮቿ፣ ኬንያን ጨምሮ፣ ቀርተው ነበር። ኢትዮጵያ የሄደችው ደርግ የሶቭየት ኅብረት ወዳጅ ስለነበር ነው።

ያ ወዳጅነት በ1984 ሌላ ዋጋ ጠየቀ። ሶቭየት ኅብረት ከሎስ አንጀለስ ስትቀር ኢትዮጵያም ተከትላ ቀረች። የሩቅ ጎረቤቶች ጠብ ነበር፤ ሶዌቶ የለበትም፣ አፓርታይድም የለበትም። በሕግ የተዘጋበት አፍሪካዊ ሜዳም አልነበረም። ጎረቤትህ ከደጋሹ ጋር ስለተጣላ አንተም ከሠርጉ ቅር እንደመባል ያለ ነው። በዚያ ወቅት በሰሜን ኢትዮጵያ ገበሬው ዝናብ አጥቶ ሰማይ ሰማይ ያይ ነበር፤ መንግሥት ደግሞ ለአብዮቱ 10ኛ ዓመት በዓል ይዘጋጅ ነበር። የሯጮቹ ጉዳይ ማንን ያስጨንቃል?

አራት ዓመት ቆይቶ ታሪኩ ተደገመ። በሚያዝያ 1988 በላይነህ ዴንሳሞ በሮተርዳም ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ለ10 ዓመታት ማንም አልደረሰበትም። በዚያው ዓመት መስከረም የሴኡል ኦሎምፒክ ሲከፈት ግን ኢትዮጵያ ከሰሜን ኮሪያ ጎን ቆማ ቀረች። የዓለም ፈጣኑ ማራቶን ሯጭ ከሀገሩ ሆኖ ወሬውን ሰማ፤ ወርቁን ጣሊያናዊው ጀሊንዶ ቦርዲን ወሰደ። በላይነህ በኦሎምፒክ ሜዳሊያ ሳያገኝ የሩጫ ዘመኑ አለቀ። ከ1976 እስከ 1988 አራት ኦሎምፒኮች ተካሂደዋል፤ ኢትዮጵያ የተገኘችው በአንዱ ብቻ ነው።

ይድነቃቸው የሴኡሉን አላዩም፤ ካረፉ አንድ ዓመት አልፎ ነበር። የመገናኛዎቹ ሁለት ሰዎች ዳግም ቢገጥሙኝ፣ የአራቱን ዓመታት ልዩነት አሳያቸው ነበር። በ1966 እና በ1976 የቀሩት ጥያቄያቸው የራሳቸው ነበር፤ ምን ቢደረግ እንደሚመለሱም ተናግረዋል፤ በብዛትም አብረው ቆመዋል። በ1984 እና በ1988 ኢትዮጵያ ለራሷ የጠየቀችው ነገር የለም፤ ስለዚህም ያገኘችው ነገር የለም። ሯጩ የከፈለው ግን በሁለቱም እኩል ነው። ከማዕድ መነሳት ይገባል አይገባም ከማለት በፊት፣ ማን ተነሳ፣ ስለ ማን ተነሳ፣ መቼስ ይመለሳል ብሎ መጠየቅ ይበጃል እላለሁ።

አፓርታይድ የወደቀው በኳስ ብቻ ነው የሚል የለም፤ የደቡብ አፍሪካ ሕዝብ ራሱ ደሙን አፍስሷል፣ መሪዎቹ ታስረዋል። ነገር ግን ለስፖርት ልዩ ፍቅር የነበራቸው የደቡብ አፍሪካ ነጮች ለረጅም ዓመታት ከዓለም ሜዳ መገለላቸውን በየቤታቸው ይሰሙት ነበር። ከሞንትሪያል ማግስት፣ በ1977፣ የኮመንዌልዝ ሀገራት መሪዎች ከደቡብ አፍሪካ ጋር የሚደረግ የስፖርት ግንኙነትን ለማስቀረት ተስማሙ፤ ኒውዚላንድም ከተስማሙት አንዷ ነበረች።

በሐምሌ 1992 ፊፋ ደቡብ አፍሪካን መልሶ ተቀበለ። በዚያው ክረምት በባርሴሎና ኦሎምፒክ ደቡብ አፍሪካ ከ32 ዓመት በኋላ ተመለሰች፤ ኢትዮጵያም ከ12 ዓመት በኋላ ተመለሰች። በሴቶች የ10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ የበቆጂዋ የገበሬ ልጅ ደራርቱ ቱሉና ነጯ ደቡብ አፍሪካዊት ኤላና ማየር ሌሎቹን ጥለው ለብቻቸው ወጡ። ደራርቱ ማየርን ለብዙ ዙር ከኋላ ተከተለቻት፤ በመጨረሻው ዙር አለፈቻት። ዕለቱ ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. ነበር፤ ይድነቃቸው ካረፉ አምስት ዓመት ሊሞላ 12 ቀን ሲቀረው። ከመጨረሻው መስመር በኋላ ሁለቱ ተቃቀፉ፤ ከዚያም እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ።